በዲሴምበር አጋዘኑ የት ገባ? የወቅቱ መጨረሻ ላይ ማድፈጫን ስለ መምረጥ

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ፣ ፍሬድሪክ ካውንቲ ውስጥ አንድ ገበሬ 80 ኤከር በሚሆን መሬቱ ላይ እንዳድን ፈቅዶልኛል። በስተምሥራቅ ኦክ የበዛበት ኮረብታ አለ፤ ባለመሰላል ማማዬን የተከልኩት እዚያ ነው። መሬቱን መሐል ለመሐል ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ጅረት ይከፍለዋል። ከጅረቱ በስተሰሜን ድሮ ግጦሽ የነበረ፣ አሁን ሴዳርና እሾህ የወረሰው ተዳፋት ይታያል። በስተደቡብ ያለው ሜዳ ነው፤ በቆሎው ኦክቶበር ላይ ተሰብስቦ፣ ሳይታረስ በቃርሚያው ላይ ብርድ የሚችል ስንዴ ተዘርቶበታል። የገበሬው ቤትና መኪና የማቆምበት ቦታ በደቡቡ ጫፍ ናቸው። ኖቬምበር ላይ ከማማው በወጣሁ ቁጥር አጋዘን አይ ነበር። ዲሴምበር ከገባ ግን ሦስት ቅዳሜ ከንጋት እስከ ምሽት ተቀምጬ አንድም አላየሁም። እሁድ ቅዳሴ ስላለብኝ ያለኝ ቅዳሜ ብቻ ነው። ክሮስቦው የሚሉት ባለቃታ ቀስትና በአፈሙዝ የሚጎረስ ጠመንጃ አለኝ። ማማውን ወዴት ላዙረው? ሥጋውስ ለገና ክትፎ ይሆናል?

ምላሽ፦ አጋዘኑ አልሄደም። በገለጹት መሬት ላይ ከሆነ፣ እርስዎ ማማው ላይ ሆነው በሚጠብቁበት ሰዓት መንጋው ከጅረቱ ማዶ፣ ሴዳሩ ሥር ተኝቶ እያመነዠከ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ምናልባትም ኮረብታው ላይ ሲወጡም ሲወርዱም እያየዎት። ስለዚህ ማማውን ወዴት ላዙር ከማለትዎ በፊት በየት ገብቼ በየት ልውጣ ብለው ይጠይቁ። በዚህ ወቅት ቦታ የሚመረጠው ከዚያ ተነሥቶ ነው።

መጀመሪያ ኮረብታው ለምን ባዶ እንደቀረ እንይ። በኖቬምበር አጋማሽ የስሪያው ወቅት ይጦፋል። ወንዱ እንስት ፍለጋ ቀኑን ሙሉ ስለሚዞር ሸንተረር ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያየዋል። እሱ አልፏል። ነጩ ኦክ የሚያረግፈው ፍሬ ጣፋጭ ስለሆነ ቀድሞ ይበላል፤ ዲሴምበር ሲደርስ ከቅርፊቱ በቀር አይገኝም። ከምስጋና ቀን ማግሥት ባለው ቅዳሜ የሚከፈተው የሁለት ሳምንት የጠመንጃ ወቅት ደግሞ በአካባቢው ያለውን አጋዘን ሁሉ ሰው የማይረግጠው ጥሻ ውስጥ ከቶታል። አራተኛው ምክንያት እርስዎ ነዎት። ከደቡቡ ጫፍ ተነሥተው በጨለማ ስንዴውን ሲያቋርጡ፣ እዚያው የሚግጡትን እንስቶች አስደንግጠው አባረሩ። ማታም በዚያው መንገድ ተመለሱ። ሦስት ቅዳሜ እንዲህ ከሆነ መንጋው ሜዳው ላይ የሚወጣው ሙሉ በሙሉ ከጨለመ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ሳይረሳ፤ ማማውን ከመንቀልዎ በፊት ኮረብታው ላይ ያለው ኦክ የትኛው እንደሆነ ይለዩ። የወደቀውን ቅጠል ያንሡ፤ የቅጠሉ ጣቶች ጫፋቸው ክብ ከሆነ ነጭ ኦክ ነው፤ ሹል ሆኖ ጫፉ ላይ ፀጉር መሳይ እሾህ ካለው የቀይ ኦክ ወገን ነው። የቀዩ ፍሬ መራራ ስለሆነ እስከ ጃንዋሪ ሊቆይ ይችላል። በእግር የተጫረ ቅጠልና እርጥብ በጠጥ ካገኙ ኮረብታው ገና አልሞተም። የደረቀ ቅጠል እንደተነጠፈ ካለ ግን እስከሚመጣው ዓመት ይተዉት።

አሁን ወደ ምግቡ። ወንዱ በስሪያው ወራት ከክብደቱ ከ20 እስከ 25 በመቶ ሊያጣ ይችላል፤ ብርዱ ከመክበዱ በፊት ያንን መመለስ አለበት። እንስቲቱም ብትሆን የምትንቀሳቀሰው በቁጠባ ነው። ስለዚህ ሁለቱም የሚበሉት ከሚተኙበት ቅርብ ሆኖ ጉልበት የሚሰጠውን ነው። የእርስዎ ሜዳ ሁለት ገበታ አንድ ላይ የያዘ ነው፤ አረንጓዴው ስንዴና በቃርሚያው ውስጥ የቀረው የበቆሎ ፍሬ። ሁለቱ የሚበሉበት ቀን ግን ይለያያል። ውርጩ ሲጠነክር፣ በተለይ ከ25 ዲግሪ ፋራናይት በታች ሲወርድ፣ አጋዘን እህሉን ይፈልጋል። ቀኑ ለዘብ ብሎ መሬቱ ሲቀልጥ ወደ ስንዴው ያዘነብላል።

የበቆሎው ፍሬ ሜዳው ላይ እኩል የተበተነ እንዳይመስልዎ። ማጨጃው ዞሮ የተመለሰባቸው ጫፎችና ማዕዘኖች ላይ በዛ ብሎ ይቀራል። በእኩለ ቀን ገብተው ሦስት አራት ቦታ ላይ በአንድ እርምጃ ካሬ ውስጥ ያለውን ፍሬ ይቁጠሩ። አምስት ስድስት ካገኙ ጥሩ ነው። ባዶ ቆረቆንዳ ብቻ ከሆነ የዱር ዝይና ተርኪ ቀድመውዎታል፤ ያ ማዕዘን ከእንግዲህ ማንንም አይጠራም።

ሦስተኛ ገበታም አለ፣ ብዙ አዳኝ የማያየው። በአሮጌው ግጦሽ ላይ የጃፓን ሃኒሳክል የሚሉት ሐረግ ይኖር ይሆናል፤ በዚያ አገር ብርድ ቅጠሉን ይዞ የሚከርም ነው። ግሪንብራየር የሚባለው እሾሃም ሐረግም እንዲሁ ይበላል። አጋዘን እንደ ፍየልና በግ የላይኛው የፊት ጥርስ የለውም፤ ስለዚህ የበላው ቅርንጫፍ ጫፉ የተዘነጠለ ይመስላል። በቢላ እንደተቆረጠ አግድም የተላጨ ካዩ ጥንቸል ናት። ጥሻው ውስጥ የተዘነጠለ ጫፍ ከበዛ፣ መንጋው ከሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ እዚያው እየቀነጠበ ስለሚያሳልፍ ወደ ሜዳው የሚወርደው ዘግይቶ ነው። ያኔ ማድፈጫው ከሜዳው ዳር ሳይሆን ወደ መኝታው ጠጋ ብሎ መሆን አለበት።

መኝታውን በተመለከተ፣ እኛ ከምድር ወገብ ብዙም ሳንርቅ ስላደግን ልብ የማንለው ነገር አለ። እዚያ አገር በዲሴምበር ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በደቡብ በኩል ዝቅ ብላ ነው የምትሄደው። ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ተዳፋት ይሞቃል፣ በረዶውም ቀድሞ ይቀልጥለታል፤ ወደ ሰሜን ያዞረው እስከ ማርች ጥላ ነው። ከጅረትዎ በስተሰሜን ያለው ተዳፋት ፊቱ ወደ ደቡብ ነው። የብርድ ወራት ነፋስ በዚያ አካባቢ በብዛት ከሰሜን ምዕራብ ስለሚመጣ ተዳፋቱ ከነፋስም ተከልሏል። በላዩ ላይ ሴዳር አለ። ያ ሬድ ሴዳር የሚሉት ዛፍ የጽዳችን የቅርብ ዘመድ ነው፤ እንደ ጽድ ቅጠሉ አይረግፍም፣ ሥሩ ደረቅ ነው፣ ሌሊት ሙቀቱን ያስቀራል። አጋዘኑ ከኋላው የሚመጣውን በአፍንጫው፣ ከፊቱ ያለውን ሜዳ በዓይኑ እየጠበቀ የሚተኛበት ከዚህ የተሻለ ቦታ በ80 ኤከር ውስጥ አይኖርም። አብዛኛውን ጊዜ ከተዳፋቱ ላይኛው ሲሶ አካባቢ ይሆናል።

ይህን ለማረጋገጥ ግን ጥሻው ውስጥ አይግቡ። ሌላ ጊዜ አንድ ጥፋት ይታለፋል፤ በዚህ ወቅት ከመኝታው የተባረረ መንጋ ለሳምንት ላይመለስ ይችላል። ከገበሬው ቤት አጠገብ መኪና ውስጥ ሆነው በባይኖኩላር ይዩ። ከሥራ መልስ ሁለት ምሽት ቢያገኙ፣ የቀኑ ብርሃን የመጨረሻ 45 ደቂቃ ይበቃል። የሚመዘግቡት ሦስት ነገር ነው፦ የመጀመሪያዋ እንስት ከየትኛው ክፍተት ወጣች፣ ስንት ሰዓት ነበር፣ ነፋሱ ከየት ነበር። የመጀመሪያዋ ብዙውን ጊዜ አሮጊት እንስት ናት፤ ሌላው በእሷ ዱካ ይከተላል። ግምቴን ካስፈለገዎ፣ ከቤቱና ከመንገዱ ዓይን የራቀው የስንዴው ሰሜን ምዕራብ ማዕዘን ነው፤ ጅረቱንም የሚሻገሩት በምዕራቡ አጋማሽ ይሆናል።

በረዶ ከጣለ ሥራው ይቀላል። በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ የጅረቱን ደቡብ ዳር ብቻ ይዘው ይሂዱ። ኮቴዎቹ የሚሰባሰቡበትን መሻገሪያ ያገኛሉ፤ ዳሩ ዝቅ ያለበት፣ ውኃው የሳሳበት ቦታ ነው። አንድ መሻገሪያ ከሌሎቹ ሁለት ሦስት እጥፍ ኮቴ ካለበት ተመረጠ ማለት ነው። ተንጋግተው የሄዱ ትንንሽና መካከለኛ ኮቴዎች የእንስቶችና የግልገሎች ናቸው። ከዋናው ዱካ 30 ወይም 40 ያርድ ወደ ጎን ወጣ ብሎ፣ በነፋሱ ሥር ብቻውን የሚሄድ ትልቅ ኮቴ ከኖረ የወንዱ ነው። በረዶ ከሌለ መሻገሪያው ላይ አንድ የዱካ ካሜራ ይስቀሉ፤ ከራስዎ ቁመት ከፍ አድርገው ወደ ታች ያጋድሉት። ባትሪው ሊቲየም ይሁን፤ ተራው አልካላይን በውርጭ ቶሎ ይደክማል። ካሜራውን ለማየት ብቻ ብለው አይሂዱ፤ ለአደን በሄዱበት ቀን ይዩት።

እንግዲህ ማድፈጫው። መንጋው ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳል። ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይሄዳል። እርስዎ ከመሻገሪያው በስተምሥራቅ፣ በጅረቱ ደቡብ ዳር ከተቀመጡ ሽታዎ ወደ ባዶው የሜዳው ምሥራቅ ክፍል ይነዳል። መኝታው ከነፋሱ በላይ ነው፣ መሻገሪያው ከነፋሱ በላይ ነው፣ የሰሜን ምዕራቡ የስንዴ ማዕዘንም እንዲሁ። ወንዱ ሽታ ለመፈተሽ በነፋሱ ሥር ዞሮ ቢመጣ እንኳ መጀመሪያ የሚያልፈው በእርስዎ ፊት ነው።

ይህ በወረቀት ላይ የሚታየው ነፋስ ነው። ብዙ ሰው የሚሸነፈው ግን በሌላው፣ ምሽት ላይ በሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ነው። ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ በረድ ባለበት ቀን፣ ተዳፋቱ ጥላ ሲያጠላበት አየሩ ይከብድና እንደ ውኃ ወደ ታች ይፈሳል። ጅረቱ ጋ ሲደርስ የጅረቱን ፍሰት ተከትሎ ይወርዳል። ይህ የሚጀምረው ፀሐይ ከመጥለቋ አንድ ሰዓት ገደማ በፊት ነው፤ ልክ አጋዘኑ በሚነሣበት ሰዓት ማለት ነው። ከመሻገሪያው በስተምዕራብ፣ ማለትም ከጅረቱ ላይኛው በኩል የተቀመጠ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ነፋሱ ተስማምቶት ቆይቶ በመጨረሻዋ ሰዓት ሽታው በጅረቱ ቦይ ተንሸራቶ መሻገሪያው ላይ ይተኛል። ምን እንደሆነ ሳያውቅ እንስቲቱ እግሯን መሬት ስትመታና ስታፏጭ ይሰማል። እርስዎ በምሥራቅ፣ በታችኛው በኩል ስለሆኑ ነፋሱም ቀዝቃዛው አየርም ሽታዎን ወደዚያው ይወስዱታል። ይህን ቦታ የመረጥኩልዎ ለዚህ ነው፤ ሁለቱ የሚስማሙበት ቦታ በአንድ እርሻ ላይ አንድ ወይ ሁለት ብቻ ነው የሚገኘው።

በቃሌ አይመኑ፤ ይፈትሹት። ከትራስ ውስጥ የወጣ ቀጭን ላባ በኪስዎ ይያዙና ከመቀመጫዎ ይልቀቁት። የሕፃናት ፓውደር እንዲያው ሦስት ያርድ ሄዶ ይጠፋል፤ ላባው ግን 40 ያርድ ድረስ ተንሳፍፎ መንገዱን ያሳያል። በየግማሽ ሰዓቱ ይልቀቁ፣ በተለይ ጥላው ተዳፋቱን ሲያለብሰው።

ነፋሱ ከምዕራብ ወይም ከሰሜን ምዕራብ ሲሆን ይሂዱ። ቀጥታ ከሰሜን ሲሆን ይቻላል፤ ቀድሞ የወጣው አጋዘን ሜዳው ላይ ተበትኖ ወደ ምሥራቅ ከተሳበ ግን ሽታዎ ያገኘዋል። ከደቡብ፣ ከደቡብ ምዕራብ ወይም ከምሥራቅ ሲነፍስ ቤትዎ ይዋሉ። በዚህ መሬት ላይ ለደቡብ ነፋስ የሚሆን መቀመጫ ከመኝታው በስተሰሜን ብቻ ነው፤ ወደዚያ በሰላም የሚገባበት መንገድ በገለጻዎ ውስጥ የለም። ያለዎት ቅዳሜ ብቻ መሆኑ ሊያስጎመጅዎ ይችላል፤ ነገር ግን በመጥፎ ነፋስ የባከነች አንዲት ቅዳሜ ቀጣዮቹን ሁለቱን ይዛ ትሄዳለች።

መግቢያው። ከደቡብ ተነሥተው ስንዴውን መሐል ለመሐል አያቋርጡ፤ ተዳፋቱ ላይ የተኛ ሁሉ ያይዎታል። የሜዳውን ምሥራቃዊ አጥር ይዘው ወደ ኦክ ኮረብታው ሥር ይሂዱ፣ ከዚያ ወደ ጅረቱ ይውረዱና ሽቅብ፣ ወደ ምዕራብ ይጓዙ። የጅረቱ ሰሜናዊ ዳር ከወገብ በላይ ከፍ ካለ ጎንበስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ከለላ ነው፤ የውኃው ድምፅም ኮቴዎን ይሸፍናል። የላስቲክ ቦት ያስፈልጋል። የቀዘቀዘ ድንጋይ እንደ ሳሙና ስለሚያዳልጥ በትር ይያዙ፤ በረዶ የጋገረውን ኩሬ አይርገጡ፣ ሲሰበር ድምፁ ተኩስ ነው የሚመስለው። አጥሩ ዳር ላይ መሄዱ ራሱ የሚታይ ከሆነ ገበሬውን በፒክአፑ ኮረብታው ሥር እንዲያደርስዎ ይለምኑት። ጠመንጃው ባዶ፣ በማኅደሩ ውስጥ ይሁን። አጋዘን የእርሻ መኪናና ትራክተር በየቀኑ ስለሚያይ አይሸሽም፤ በእግር የሚሄድን ሰው ነው የሚፈራው።

ሰዓቱ ከሰዓት በኋላ ነው። በዚህ ወቅት የንጋት አደን ለእርስዎ መሬት አይሆንም፤ በጨለማ ሲመጡ መንጋው ገና ሜዳው ላይ ነው፣ ሳያባርሩት የሚያልፉበት መንገድ የለም። አጋዘኑም ብርድ ሲከብድ ጠዋት ተኝቶ ይቆይና ቀኑ ሞቅ ሲል፣ ከሰዓት በኋላ ይነሣል። በዲሴምበር ሦስተኛ ሳምንት እዚያ አካባቢ ፀሐይ በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር 4፡50 ገደማ ትጠልቃለች፤ ሕጉ የሚፈቅደው ከጠለቀች በኋላ እስከ ግማሽ ሰዓት ነው። ስለዚህ 1፡30 ላይ መቀመጫዎ ላይ ይሁኑ። ከንጋት ጀምሮ መቀመጥ ጀግንነት ሳይሆን ሽታ ማከማቸት ነው። ቅዳሜ ከአንድ በላይ ካለዎት ደግሞ የሚመርጡት ቀን ከማዕበል በኋላ የጠራውን፣ ብርዱ ድንገት የወረደበትን የመጀመሪያ ከሰዓት ነው። ከበረዶ በፊት ያለው ምሽትም ደህና ነው። ሙቀቱ ወደ 55 ዲግሪ የወጣበት ቀን፣ ያን ሁሉ የብርድ ፀጉር ለብሶ አጋዘኑ በብርሃን አይንቀሳቀስም።

መቀመጫው ከመሻገሪያው ምን ያህል ይራቅ? ለጠመንጃው 80 ያርድ፣ ለክሮስቦው 25። የመጀመሪያዋን ቅዳሜ በጠመንጃው፣ ራቅ ብለው ይቀመጡ። ምንም ባይተኩሱ እንኳ ትክክለኛውን ዱካ ያያሉ፤ 25 ያርድ ድረስ የሚቀርቡት ያንን ካወቁ በኋላ ነው። በአፈሙዝ የሚጎረሰው ጠመንጃ ሁለተኛ ወቅት በሜሪላንድ ከዲሴምበር አጋማሽ ወዲያ ለሁለት ሳምንት ያህል ይከፈታል፣ የቀስቱ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ይዘልቃል። ቀኑ ከዓመት ዓመት ፈቀቅ ስለሚል የዓመቱን መመሪያ ከተፈጥሮ ሀብት መምሪያው ገጽ ያውርዱ። ብርቱካናማ ወይም ሮዝ የሚያንጸባርቅ ኮፍያ ወይም ሰደርያ በጠመንጃ ወቅት ግዴታ ነው፤ አጋዘን ቀለሙን እንደ እኛ አያየውም፣ ስለዚህ አያስፈራዎ።

ባለመሰላል ማማውን ወደዚያ ማዛወር አልመክርም። ቢያንስ ሦስት ሰው ይፈልጋል፣ ብረቱ ይንጫጫል፣ ቅጠል በረገፈበት ዛፍ ላይ ደግሞ እንደ ቁራ ጎጆ ተጋልጠው ነው የሚታዩት። ጅረቱ ዳር ወፈር ያለ ሴዳር ካለ ቀላል ተንጠልጣይ መቀመጫ ከ12 እስከ 15 ጫማ ላይ ይሰቅላሉ፤ ከኋላዎ ቅርንጫፍ እንዲኖር እንጂ ከፍታው ብቻውን አይሸሽግም። ዛፍ ከሌለ መሬት ላይ ይቀመጡ፦ ጀርባዎን ለወፍራም ግንድ ይስጡ፣ ከፊትዎ የወደቀ ቅርንጫፍ እስከ ደረት ይከምሩ። ጨርቅ ድንኳን ከፈለጉ ከሁለት ሳምንት በፊት ተተክሎ በሴዳር ቅርንጫፍ መሸፈን አለበት፤ ዛሬ የበቀለ ድንኳን አሮጊቷ እንስት ሳታየው አታልፍም። ይህንን ሁሉ የሚሠሩት ነፋስ በሚያፏጭበት ወይም ዝናብ በሚዘንብበት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ነው።

ዛፍ ላይ ከወጡ እግርዎ መሬት ከለቀቀበት ጊዜ አንሥቶ ሙሉ የሰውነት ቀበቶ ከግንዱ ጋር ታስሮ ይሁን፤ በረዶ የያዘው እርከን ላይ የሚወድቁት ሲወጡና ሲወርዱ ነው። ጠመንጃውን ይዘው አይውጡ፤ ማቀጣጠያ ካፑን አውጥተው በገመድ ይሳቡት።

የተኩስ አቅጣጫው ደግሞ ቦታውን ከመወሰንዎ በፊት ይታይ። ከመቀመጫዎ ወደ ምዕራብና ሰሜን ምዕራብ ሲተኩሱ ከኋላው ተዳፋቱ አለ፤ ያ ጥይቱን የሚቀበል አፈር ነው። ወደ ደቡብ የገበሬው ቤት ነው፤ አጋዘኑ ወደ ስንዴው ከዘለቀ በኋላ ወደዚያ አፈሙዝ አይዙር። በሜሪላንድ ሕግ ሰው ከሚኖርበት ቤት በ150 ያርድ ውስጥ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በጠመንጃ ማደን ክልክል ነው፤ የጥይቱ ጉዞ ግን ከ150 ያርድ በጣም ይርቃል። ሁለት ትንንሽ ቅርንጫፎችን ምልክት አድርገው ይተክሉ፣ በመካከላቸው ብቻ ይተኮሳል።

በአፈሙዝ የሚጎረሰውን ጠመንጃ ሌሊቱን ሙቅ ቤት አያሳድሩት። ከብርድ ወደ ሙቀት ሲገባ ብረቱ ያልበዋል፣ ባሩዱ ይረጥባል፣ ቅዳሜ ላይ ቃታው ሲሳብ ከፍንጣሪ በቀር የሚወጣ የለም። መሣሪያው ባዶ ሆኖ ብርድ ባለበት በተቆለፈ ስፍራ ይቆይ። ራስዎም አያላብዎ፤ ካፖርቱን በጀርባዎ ተሸክመው በስስ ልብስ ይሂዱና ተቀምጠው ይልበሱት። ጋቢ ለቤት ነው፤ ጥጥ ከረጠበ ሙቀት አይዝም፤ ከሱፍ የተሠራ ይሻላል።

ስለ ሽታ የሚሸጠው ስፕሬይ ሁሉ የነፋሱን ያህል አይሠራም። ግን ቤታችን ቤታችን ነው፤ ሽንኩርት ከበርበሬ ጋር ሲቁላላ፣ ዕጣን ሲጨስ፣ ቡና ሲቆላ የዋለበት ልብስ ለሰውም ከሩቅ ይታወቃል። የአደን ልብስዎን ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ አድርገው ጋራዥ ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ ያኑሩ፣ ጫካው ሲደርሱ ይልበሱት። ቦቱንም እንዲሁ።

መውጫው ከመግቢያው ይከብዳል። ሕጋዊው ሰዓት ሲያልቅ ካፑን ያውጡና አይንቀሳቀሱ። አጋዘኑ ስንዴው ላይ ከሆነ በጅረቱ ቦይ በመጡበት ይመለሱ፤ እርሱ በምዕራብ፣ እርስዎ በምሥራቅ። በአጠገብዎ ቆሞ ከቀረ ለገበሬው መልእክት ይላኩለትና ፒክአፑን በሜዳው ዳር ያሽከርክር። አጋዘኑ ፈቀቅ የሚለው ከመኪናው ነው፤ ማድፈጫው አይታወቅበትም።

የሁለተኛው ስሪያ ነገርም ይነሣል። በኖቬምበር ያልተጠቃች እንስት ከ28 ቀን ገደማ በኋላ እንደገና ትፈልጋለች፣ በደንብ የጠገበች የዓመቱ ግልገልም በዲሴምበር ልትፈልግ ትችላለች። ለዚህ ብለው ቦታ አይቀይሩ፤ ወንዱ ወደ እንስቶቹ የሚመጣው እንስቶቹ ወደሚበሉበት ነው። ጃንዋሪ ሲቃረብ ደግሞ የአሜሪካው አጋዘን ቀንዱን ይጥላል፤ እኛ አገር ቤት አጋዘን የምንለው ቀንዱን ዕድሜ ልኩን ይዞ የሚኖር ሌላ ወገን ስለሆነ ይህ ያደናግራል። ቀንድ የሌለው ሁሉ እንስት አይደለም።

ክትፎውን በተመለከተ፣ ጾሙ እስከ ገና ስለሚቆይ ጊዜ አለዎት። በተቻለ ፍጥነት ሆድ ዕቃውን አውጥተው ያቀዝቅዙት፣ ከ34 እስከ 40 ዲግሪ ባለ ቦታ ጥቂት ቀን ይሰቀል፣ ከዚያ ከአጥንቱ ተለይቶ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ፍሪዘር ይግባ። ጥሬውን ወይም ለብለብ አድርጎ መብላት ግን አይሆንም። የዱር አጋዘን ሥጋ ቶክሶፕላዝማ የሚባለውን ተውሳክ ሊይዝ ይችላል፣ ሆድ ዕቃው ሲወጣ ኢኮላይም ሊነካካው ይችላል፤ ፍሪዘር ደግሞ ባክቴሪያን አይገድልም። በምዕራብ ሜሪላንድ ከ2011 ጀምሮ አንጎሉን እየጎዳ አጋዘኑን የሚያከሳ ሲ-ደብሊው-ዲ የሚባል በሽታ አለ፤ ወደ ሰው እንደተላለፈ ባይታወቅም በሽታው የተገኘበትን አጋዘን ሥጋ አለመብላት ይመከራል፣ አንጎልና ሰረሰሩንም በቢላ አይንኩ። ያደኑበት ቦታ በበሽታው ክልል ውስጥ ከሆነ ሬሳውን እንዳለ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ ሊከለከል ስለሚችል ካርታውን ቀድመው ይዩ። ሥጋው ስብ የለውም ማለት ይቻላል፤ በደንብ ቅቤ የጠገበ ጥብስ ወይም ረጅም ሰዓት የተንተከተከ ቀይ ወጥ ይወጣዋል፣ 160 ዲግሪ እስኪደርስ።